ኤታኖልን በቤት ውስጥ ለመኪና ነዳጅነት ማዘጋጀት፦ አሠራሩና አዋጭነቱ

አንድ ሊትር ቤንዚን በመኪና ሞተር ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ለማግኘት 1.4 ሊትር ያህል ኤታኖል ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ኤታኖል በቤት ውስጥ ለማውጣት ደግሞ 2.4 ኪሎ ግራም ገደማ ስኳር ይፈጃል። በርሜልና ቱቦ ከመግዛትና ብየዳ ከማስበየድ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ስለሚመለስ፣ አንባቢዬ ከሁሉ አስቀድሞ እነርሱን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 40 በመቶውን የሚያልፍ ከሆነ፣ ስኳር ገዝቶ ኤታኖል የሚያወጣ ሰው ገና ምድጃውን ሳያቀጣጥል ከስሯል ማለት ነው።

ቁጥሮቹ ከየት እንደሚመጡ ላስረዳ። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢለወጥ 0.54 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 0.68 ሊትር ኤታኖል ይወጣዋል። ይሁን እንጂ እርሾው ከስኳሩ የተወሰነውን ለራሱ ዕድገት ይጠቀምበታል፤ ከአልኮሉም ጥቂቱ በማንጠሩ ጊዜ ከድፍድፉ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ከአንድ ኪሎ ስኳር 0.6 ሊትር ያገኘ ሰው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። የኃይሉ ስሌት ደግሞ እንዲህ ነው፦ አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሜጋጁል ያህል ኃይል ሲይዝ አንድ ሊትር ኤታኖል የሚይዘው 21 ሜጋጁል ገደማ፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። የኤታኖል የኦክቴን መጠን (ያለጊዜው መቀጣጠልን የመቋቋም አቅሙ) ከቤንዚን ስለሚበልጥና ሲተን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ስለሚያቀዘቅዝ፣ ሞተሩ ከዚህች አነስተኛ ኃይል ትንሽ የተሻለ ይጠቀማል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ኤታኖልን በብሔራዊ ፕሮግራም ባስፋፋችው በብራዚል አሽከርካሪዎች የሚመሩበት የተለመደ ስሌት ከዚሁ የመጣ ነው፤ የአንድ ሊትር ኤታኖል ዋጋ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 70 በመቶ በታች ሲሆን ኤታኖል ይቀዳሉ፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ቤንዚን ይቀዳሉ። በቤቱ የሚያነጥር ሰውም የራሱን ምርት መመዘን ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።

ከቴክኒኩ በፊት ሕጉን ማጣራት ያስፈልጋል። በብዙ አገሮች አልኮል ማንጠር፣ ለነዳጅም ቢሆን፣ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም በአልኮል ላይ የሚጣለው ግብር ከፍተኛ ስለሆነና ለመጠጥ የሚሆነውን ለነዳጅ ከሚሆነው በዓይን መለየት ስለማይቻል ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ለነዳጅ የሚሆን አልኮል ለማምረት የፌዴራሉን መንግሥት ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ አልኮሉም ለመጠጥ እንዳይውል በየ100 ጋሎኑ ቢያንስ 2 ጋሎን ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ፣ ወይም ሌላ የተፈቀደ ማበላሻ ይጨመርበታል። የሚኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል በጽሑፍ ሳያረጋግጡ፣ እንዲሁም የቤትዎ የእሳት መድን እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ይሸፍን እንደሆነ ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ጥሬ ዕቃው

አልኮል የሚሠራው ከስኳር ነው፤ ስኳር የሌለበት ነገር ሁሉ በመጀመሪያ ወደ ስኳር መለወጥ አለበት። በዚህ መለኪያ ሞላሰስ ከሁሉ ይቀላል፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ ከአንድ ኪሎ ሩብ ሊትር ኤታኖል ይገኛል። የበሰሉና ለገበያ የማይሆኑ ፍራፍሬዎች ነጻ ቢሆኑም የሚይዙት ስኳር ጥቂት ነው፤ 12 በመቶ ስኳር ካለው 100 ኪሎ ፍራፍሬ የሚወጣው 7 ሊትር ገደማ ነው፤ ያንን ሁሉ መጭመቅና ቅሪቱን ማስወገድም የራሱ ድካም አለው። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት ለስላሳ መጠጥ በየሊትሩ 100 ግራም ያህል ስኳር ይዞ መምጣቱ ያጓጓል፤ ነገር ግን እንዳይበላሽ የተጨመረበት ኬሚካል እርሾውንም ስለሚያዳክመው፣ ብዙ እርሾ መጠቀምና በትንሽ መጠን መሞከር ይገባል። ከወተት ተረፈ ምርት የሚገኘው አጓትም ስኳር አለው፤ ይሁን እንጂ ስኳሩ ላክቶስ ስለሆነ የተለመደው የዳቦ እርሾ ሊበላው አይችልም።

እህል በአንድ ኪሎ እስከ 0.4 ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ ይህ ግን ፋብሪካዎች የሚደርሱበት መጠን ነው፣ በቤት ከዚያ ያነሰ መጠበቅ ይበጃል። በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ለመለወጥ ዱቄቱን በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ውሃ አፍልቶ ማብሰል፣ ከዚያ ወደ 65 ዲግሪ ሴልሲየስ አቀዝቅዞ ከእህሉ ክብደት 20 በመቶ ያህል የተፈጨ ብቅል፣ ወይም የተዘጋጀ አሚሌዝ ኢንዛይም መጨመርና ሙቀቱን ጠብቆ አንድ ሰዓት ማቆየት ያስፈልጋል። ሥራው ማለቁን የሚነግረን አዮዲን ነው። ከድፍድፉ ጥቂት ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ አድርጎ አንድ ጠብታ አዮዲን ሲጨመርበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠ ስታርቹ ገና አላለቀም፤ አዮዲኑ በራሱ ቡናማ ቀለም ከቀረ ግን ወደ እርሾው መሻገር ይቻላል። እንጨት፣ ገለባና ሣር ውስጥ ያለው ሴሉሎስም በመሠረቱ ከስኳር የተገነባ ነው፤ ይህንን መፍታት ግን በጓሮ የሚሞከር ሥራ አይደለም።

ማብላላት

ሥራውን መልመድ ለሚፈልግ ሰው ስኳር ከሁሉ ንጹሑና ቀላሉ መነሻ ነው። 100 ሊትር ድፍድፍ ለማዘጋጀት 17 ኪሎ ስኳር በሙቅ ውሃ ያሟሙና ቀዝቃዛ ውሃ እየጨመሩ 100 ሊትር ያድርሱት፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ከ200 እስከ 300 ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ ይጨምሩበት። እርሾው ከ28 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ሙቀት በደንብ ይሠራል፤ ከ40 ሲያልፍ ይዳከማል፣ ሊሞትም ይችላል። ድፍድፉ ጥቂት አሲድነት ቢኖረው፣ ማለትም ፒኤች ከ4 እስከ 5 ቢሆን፣ እርሾው ሲመቸው ጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች ይቸገራሉ፤ ለዚህም ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ይበቃል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ስኳርና ውሃ ብቻ ለእርሾ በቂ ምግብ ይመስላቸዋልና ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። በመጀመሪያው ሙከራዬ በርሜሉ አንድ ቀን ሙሉ ሲንሿሿ ውሎ በሁለተኛው ቀን ዝም አለ፤ ድፍድፉን በጥግግት መለኪያ (ንጹሕ ውሃ 1.000 በሚያሳይበት) ስለካው 1.040 ላይ ቆሟል። ስኳሩ ገና ግማሽም አላለቀም ነበር። እርሾው ያጣው ናይትሮጅን መሆኑን ከተረዳሁ በኋላ 100 ግራም ያህል ዲ.ኤ.ፒ. (ለእርሾ መመገቢያ የሚሆን ዳይአሞኒየም ፎስፌት) በውሃ አሟሙቼ ጨመርሁበት፤ ወደ ማታ ጆሮዬን በርሜሉ ላይ ሳስጠጋ ያ እንደ ዝናብ ካፊያ ያለ ድምፅ ተመልሷል። ከእህልና ከሞላሰስ በተሠራ ድፍድፍ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም፤ ለስኳር ግን ምግቡን ከመጀመሪያው መጨመር ይገባል።

መለኪያው ከ1.065 ተነሥቶ ወደ 0.990 ሲወርድ መብላላቱ አልቋል፤ ይህም እንደ ሙቀቱ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ድፍድፉ ውስጥ ያለው አልኮል 10 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ማቆየት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ አየር ካገኘ ወደ ሆምጣጤ ይሄዳል፣ ሆምጣጤውም አልኮሉን ከመቀነሱ በላይ እየተነነ ከነዳጁ ጋር ከወጣ የሞተሩን ብረት ይበላል።

ስለ ጋዙ ሳልናገር አላልፍም። አንድ ኪሎ ስኳር ሲብላላ 280 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከ17 ኪሎው የሚወጣው ጋዝ ወደ 5 ሜትር ኩብ ይጠጋል ማለት ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፣ ቀለምም የለውም። ስለዚህ በርሜሉ ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በምድር ቤት ወይም መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ክዳኑም ጋዙን የሚያስወጣ ቱቦ ሊኖረው ይገባል።

ማንጠር

ንጹሕ ኤታኖል በባሕር ወለል ከፍታ በ78 ዲግሪ፣ ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላሉ። ልዩነቱ ሰፊ ቢመስልም ሁለቱ አብረው ስለሚተኑ፣ አንድ ጊዜ በተራ ድስትና ቱቦ የነጠረ አልኮል ለነዳጅ የሚሆን ጥራት የለውም። መፍትሔው ከማፍያው በላይ የሚቆም አምድ ነው። አምዱ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና ከአንድ ሜትር ያላነሰ ቁመት ያለው የመዳብ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ሆኖ፣ ውስጡ ልል ተደርጎ በተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ መረብ ይሞላል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጣ ከአናት ላይ ባለው ማቀዝቀዣ ወደ ፈሳሽ ይለወጣል፤ ከፈሳሹ አብዛኛው ተመልሶ በመረቡ ላይ ይወርዳል፣ ጥቂቱ ብቻ ወደ ውጭ ይቀዳል። የሚወርደው ፈሳሽ የሚወጣውን እንፋሎት እያጠበው፣ ውሃው ወደ ታች አልኮሉ ወደ ላይ እየተለዩ፣ አምዱ አናት ላይ 95 በመቶ የደረሰ ኤታኖል ይገኛል።

ሥራው ሲካሄድ ዓይን መለየት የሌለበት ከአምዱ አናት ላይ ካለው ቴርሞሜትር ነው። ማፍያው ሲሞቅ ቴርሞሜትሩ ለረጅም ጊዜ አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ 78 ይዘልና እዚያው ይተክላል። የሚቀዳውን ቧንቧ ዘግቶ፣ ፈሳሹ ሁሉ ወደ አምዱ እንዲመለስ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መታገሥ ይገባል፤ ቀጥሎ ቧንቧውን በጥቂቱ መክፈት ነው። ቁጥሩ በአንድ ዲግሪ እንኳ ከፍ ካለ ውሃ እየሾለከ ነውና ቧንቧውን ማጥበብ ያስፈልጋል። ከፍታ ባለው ቦታ የሚሠራ ሰው ግን 78ን መጠበቅ የለበትም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ ኤታኖልም በ71 ገደማ ይፈላል። አስፈላጊው የቁጥሩ መርጋት ነው። የወጣውን አልኮል ጥራት በአልኮል መለኪያ ሲመረምሩ፣ መለኪያው የተሠራው ብዙውን ጊዜ በ20 ዲግሪ ላለ ፈሳሽ ስለሆነ ትኩሱን እንደወጣ አይለኩት፤ ካልቀዘቀዘ ከእውነተኛው የበለጠ ያሳያል።

የኤታኖል እንፋሎት ከአየር ይከብዳል፤ ከአየር ጋር ከ3.3 እስከ 19 በመቶ ሲቀላቀልም በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ነበልባሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ስለሆነ በቀን ብርሃን አይታይም፤ ሰው የሚያውቀው ሙቀቱ ሲነካው ነው። ስለዚህ ማንጠሩ ሁልጊዜ ከቤት ውጭ ወይም በሁለት ወገን በተከፈተ መጠለያ ይከናወን፤ ማሞቂያው የተከፈተ እሳት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ በድፍድፉ ውስጥ የተጠለቀ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሁን፤ የእንፋሎቱ መንገድ ከማፍያው እስከ መውጫው አንድም ቦታ የሚዘጋ ቫልቭ አይኑረው። የማቀዝቀዣው ውሃ በድንገት ቢቋረጥ እንፋሎቱ እንዳለ ወደ ውጭ ይተፋልና፣ ውሃው ሲቆም ኤሌክትሪኩን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መግጠም እንደ ቅንጦት አይቆጠር። መቀበያው ዕቃ ከማሞቂያው ራቅ ያለና ዝቅ ያለ ይሁን። እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ሳይኖር፣ ወይም ሥራውን ትቶ ለመሄድ ለአፍታም ቢሆን የሚገደድ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ ይህንን ሥራ መጀመር የለበትም።

አልኮሉ እንደወጣ ጥቂት ቤንዚን ተጨምሮበት፣ በዕቃው ላይ «ነዳጅ፣ አይጠጣም» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። ዕቃው ዚንክ የተቀባ ወይም አሉሚኒየም ሳይሆን የማይዝግ ብረት ወይም ለነዳጅ የተሠራ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን፤ ኤታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብም በጥብቅ ይከደን።

የመጨረሻዎቹ አምስት በመቶ

አምዱ ምንም ያህል ቢረዝም ኤታኖልን ከውሃ ፈጽሞ ሊለየው አይችልም። በክብደት 95.6 በመቶ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ልክ እንደ አንድ ፈሳሽ አብረው ይፈላሉና። ይህ ጥቂት ውሃ ችግር መሆኑና አለመሆኑ የሚወሰነው አልኮሉን ብቻውን በመጠቀምና ከቤንዚን ጋር በመቀላቀል ነው። በብራዚል ለኤታኖል የተሠሩ መኪኖች ውሃ ያለበትን ኤታኖል በቀጥታ ይቀዳሉ፣ ሞተራቸውም በዚያው ይሠራል። ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህንን በጠርሙስ መሞከር ማንኛውንም ማብራሪያ ይተካል። ዘጠኝ እጅ ቤንዚንና አንድ እጅ ባለ 95 በመቶ ኤታኖል በአንድ ግልጽ ጠርሙስ ቀላቅዬ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሳየው አንድ ወጥ፣ የጠራ ፈሳሽ ነው። ቀዝቃዛ ሌሊት ውጭ አድሮ ጠዋት ሳነሣው ግን ደፍርሷል፣ ከጠርሙሱ ሥርም ጣት የማይሞላ የተለየ ፈሳሽ ተኝቷል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በተለመደ ሙቀት መሸከም የሚችለው ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ ብቻ ነው፤ የእኔ ድብልቅ ልክ በዚያ ጠርዝ ላይ ስለነበር ቅዝቃዜው ገፋው። በመኪና ታንክ ውስጥ ይህ ቢደርስ፣ የነዳጅ ፓምፑ የሚስበው ከሥር ነውና ሞተሩ መጀመሪያ የሚጎርሰው ያንን የውሃና የአልኮል ድብልቅ ነው።

ስለዚህ ለመቀላቀል የሚፈልግ ሰው አልኮሉን ማድረቅ አለበት። የሚመረጠው 3ኤ የተባለው ዜዮላይት ነው፤ እነዚህ ትንንሽ ኳሶች ቀዳዳቸው የውሃን ሞለኪውል አስገብቶ ትልቁን የኤታኖል ሞለኪውል የሚከለክል ነው። 10 ሊትር ባለ 95 በመቶ ኤታኖል ግማሽ ሊትር ውሃ ስለሚይዝ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዜዮላይት ያስፈልገዋል። ኳሶቹ ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሞቁ ውሃውን ለቀው እንደገና ያገለግላሉ፤ በአልኮል የራሱትን ሳያናፍሱ ወደ ምድጃ ማስገባት ግን ፍንዳታ መጥራት ነው። ይህም ማሞቂያ በተራው ኃይል ይፈጃል፣ በሒሳቡም ሊገባ ይገባል።

መኪናው

ከፋብሪካ ሲወጣ ለኤታኖልም ለቤንዚንም የተሠራ፣ ፍሌክስ ፊውል የሚባል መኪና ካልዎት ችግሩ ሁሉ ተቃልሏል፤ ሞተሩ የነዳጁን ዓይነት ራሱ አውቆ መጠኑን ያስተካክላል። በሌሎች መኪኖች ግን አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት ከ10 በመቶ ያልበለጠ ኤታኖል ነው። ከዚያ ማለፍ የሚያስከትለው ነገር ግልጽ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ ኤታኖል የሚፈልገው 9 ኪሎ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለተመሳሳይ አየር ብዙ ተጨማሪ ነዳጅ መረጨት አለበት። የመኪናው ኮምፒውተር የተወሰነውን ያካክሳል፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ሞተሩ በነዳጅ እጥረት እየነደደ ቫልቮቹንና ፒስተኖቹን ያቃጥላል። ካርቡሬተር ባለው አሮጌ መኪና ደግሞ ነዳጅ የሚያሳልፉትን ቀዳዳዎች በባለሙያ ማስፋት ይጠይቃል።

አሮጌ የጎማ ቱቦዎች፣ አንዳንድ ጓርኒሲዮኖችና የአሉሚኒየም ወይም የዚንክ ክፍሎች በኤታኖል ይጎዳሉ። ለዓመታት በታንኩ ውስጥ የተጋገረውን ቆሻሻም ኤታኖል ስለሚያነሣው፣ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቅጂዎች በኋላ ፊልትሮውን መቀየር ያስፈልጋል። አየሩ ከ15 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ደግሞ ንጹሕ ኤታኖል በቂ እንፋሎት ስለማይሰጥ ሞተሩ በጠዋት አይነሣም፤ የብራዚል ቀደምት የኤታኖል መኪኖች ለማስነሻ ብቻ የምታገለግል ትንሽ የቤንዚን ታንክ የነበራቸው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ምርት መኪና ላይ ከማፍሰስ ይልቅ ብዙ ዋጋ በማያወጣ ትንሽ ሞተር ላይ መሞከር ይሻላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና እንውሰድ። ወርኃዊ ፍጆታው 80 ሊትር ቤንዚን፣ በኤታኖል ሲተመን ደግሞ 114 ሊትር ይሆናል። ለዚህም 190 ኪሎ ስኳርና 1,140 ሊትር ድፍድፍ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማፍያው 50 ሊትር ይዞ በአንድ ዙር 40 ሊትር ቢቀበል ወደ 29 ዙር ማንጠር ይኖራል፣ ይኸውም በየቀኑ አንድ ዙር ማለት ነው። በ2 ኪሎዋት ማሞቂያ 40 ሊትር ድፍድፍ ለማፍላት አንድ ሰዓት ተኩል፣ አራት ሊትር ያህሉን ቀስ ብሎ ለመቅዳት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይጠፋል። ከአጠገቡ መራቅ ስለማይቻልም በወር ከ130 ሰዓት በላይ ይህንን እየጠበቁ መዋል ነው፤ ስኳር ማሟሟቱ፣ ዕቃ ማጠቡና ከ1,000 ሊትር በላይ የሚሆነውን አተላ ማስወገዱ አልተቆጠረም።

በዚህ ዓይነት ማፍያ ለአንድ ሊትር ኤታኖል 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይሄዳል። በራሱ በኤታኖሉ ውስጥ ያለው ኃይል 5.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ስኳሩን የማምረቻው ኃይል ሳይቆጠር ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ለማንጠር ብቻ ወጥቷል። ይህንን በኪሎ ሜትር ሳሰላው ያገኘሁት ውጤት አሳብ ላይ ጥሎኛል። የአንድ ሊትር ቤንዚንን ያህል ኤታኖል ለማንጠር 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ያ ኤታኖል ከላይ ያየነውን መኪና 12.5 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ያው 3.6 ኪሎዋት ሰዓት በቀጥታ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ቢገባ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ኤሌክትሪክ ገዝቶ፣ ስኳር ገዝቶ፣ ወር ሙሉ ደክሞ ኤታኖል ማውጣት በምንም ስሌት ቁጠባ ሊሆን አይችልም፤ ይህንን የምለው ሥራውን ስለማልወደው ሳይሆን ስለምወደውና ሰዎች በተሳሳተ ተስፋ ገንዘባቸውን እንዲያጠፉ ስለማልፈልግ ነው።

የሚያዋጣበት ሁኔታ ጠባብ ቢሆንም አለ። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፦ ስኳር ያለበት ተረፈ ምርት በነጻ ወይም በማጓጓዣ ዋጋ ብቻ በየጊዜው የሚገኝ ከሆነ፣ የማፍያው ሙቀት ከማይሸጥ ነገር (ለምሳሌ ከተረፈ እንጨት ወይም ከሌላ ሥራ ከሚባክን ትኩስ እንፋሎት) የሚመጣ ከሆነ፣ አተላውም የሚፈልገው ሰው ወይም ከብት ካለ። የእህል አተላ ፕሮቲኑ ስለማይጠፋ ጥሩ መኖ ነው፤ የስኳርና የሞላሰስ አተላ ግን አሲድነት ያለውና ወደ ወንዝ ቢለቀቅ የውሃውን ኦክስጅን አሟጥጦ ዓሣ የሚፈጅ ስለሆነ፣ በኖራ ተስተካክሎና ተቀጥኖ ለእርሻ መሬት ካልዋለ ራሱ ወጪ ይሆናል። እሳቱ የተረፈ እንጨት በሚሆንበት ጊዜ ምድጃው ከአምዱና ከመቀበያው በግድግዳ ተለይቶ፣ ሙቀቱ በእንፋሎት ወይም በሙቅ ውሃ ቱቦ ወደ ማፍያው እንዲመጣ መደረግ አለበት። አንድ እርሻ ወይም ጥቂት ጎረቤታሞች 500 ሊትር የሚይዝ ማፍያ በጋራ ቢተክሉ፣ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ 4 ሊትር በማውጣት ፈንታ 45 ሊትር ስለሚያወጣ የጉልበቱ ዋጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ለመወሰን አንድ ሙሉ ዙር በትንሹ ሠርቶ መመዝገብ ይበቃል። ከድፍድፉ አንድ ዙር ሲያነጥሩ የገባውን ጥሬ ዕቃ በኪሎ፣ ከቆጣሪው ላይ የተነበበውን ኤሌክትሪክ፣ የወሰደውን ሰዓትና የወጣውን ኤታኖል በሊትር ይጻፉ። የጥሬ ዕቃውንና የኃይሉን ወጪ ደምረው ለወጣው ሊትር ያካፍሉት፣ በዚያም ላይ የመሣሪያውን ዋጋ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ለሚያወጣው ሊትር ሁሉ አካፍለው ያገኙትን ይጨምሩ፤ ያገኙትን ቁጥር ከቤንዚን ዋጋ 70 በመቶ ጋር ያስተያዩ። ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን በወጣው ሊትር አባዝተውና ለሠሩበት ሰዓት አካፍለው በሰዓት ስንት እንደተከፈልዎ ይመልከቱ፣ ማፍያውን ማሳደግ የሚገባውም ያ ክፍያ ለእርስዎ በቂ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው።